አምስት ሌሊት ከላሞች ጎን፦ የካንታል እርሻ ማረፊያ በድሬ ልጅ ዓይን

ከድሬዳዋ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ቦታ፣ ያውም በሐምሌ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ ተንቀጥቅጫለሁ። ድሬ፣ ከዚራ ሠፈር ላሉ ጓደኞቼ ስነግራቸው «አቦ ተው!» ነው ያሉኝ። ግን እውነት ነው። ያረፍንበት የፈረንሳይ መንደር ከባሕር ጠለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ነው። ድሬ 1,200 አካባቢ ናት። በዚያ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ፣ ፕሎም ዱ ካንታል የሚሉት፣ 1,855 ሜትር ነው። ሐረር ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ሰው ከነሱ ተራራ አናት ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። እና ብርዱ ከየት መጣ? አገሩ ከምድር ወገብ ሩቅ ነዋ! በበኩሌ ይህን የገባኝ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው። ጃኬት ያዙ።

ቦታው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ካንታል በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ሳሌር ከምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የገበሬ ቤት ነው። ቤቱን በስም አልጠራም። ባለቤቷ «ሦስት ክፍል ብቻ ነው ያለኝ፣ ሰው እንዳታበዛብኝ» ብላኛለች። ግን በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ስትፈልጉ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ላም ይታለባል ወይ? ካልታለበ እለፉት።

ፈረንሳዮች ገጠር ሄዶ ለማደር ሁለት ዓይነት ቤት አላቸው። አንዱ «ዢት» ይባላል። ቁልፍ ተረክበህ፣ ራስህ አብስለህ ትኖርበታለህ። ሌላው «ሻምብር ዶት» ነው። ከባለቤቶቹ ጋር አንድ ግቢ ታድራለህ፣ ቁርስ ያቀርቡልሃል። ይኼኛው በሕግ ከአምስት ክፍልና ከአሥራ አምስት እንግዳ መብለጥ አይችልም። እራትም ከቤተሰቡ ጋር ልብላ ካልክ «ታብል ዶት» ትላለህ፣ ሒሳብ ይጨመርብሃል። ከ1955 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ጀምሮ እነዚህን ቤቶች የሚያስተባብር ማኅበርም አላቸው። ደረጃ የሚሰጠው በኮከብ አይደለም፣ በስንዴ ዛላ ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም የሐረርጌ ሰው ስለሆንኩ ነጥብ የምሰጠው በማሽላ ዛላ ነው። ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷ ዛላ የት እንደቀረች እነግራችኋለሁ።

ልጃችን ሊዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው የምትሠራው። ስንሄድ ፓሪስ ልታሳየን አስባ ነበር። እናቷ እምቢ አለች። «ፎቅ ለማየት አዲስ አበባ ይበቃኛል» አለች። ባለቤቴ ሐረማያ አጠገብ ነው ያደገችው፣ ሐይቁ ሳይደርቅ በፊት በነበረው ዘመን። ሰባት ዓመቷ ላይ ላም ማለብ ጀምራለች። ድሬ ከመጣች ወዲህ ግን ወተት የምታየው በላስቲክ ነው። ልጅቷ ይህን አስባ ነው ካንታልን የመረጠችው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

እኔ ግን የራሴ ምክንያት ነበረኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አቴሊዬው፣ ማለትም የጥገና ክፍሉ ውስጥ፣ ቶርኖ ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ድሬ በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን ታውቃላችሁ። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ዳገቱ አስቸገረና ከተራራው ሥር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይኛ እዚህ የሠፈር ቋንቋ ሆነ። ለገሃር የምንለው «ላ ጋር»ን ነው፣ ባቡር ጣቢያውን። ለአባቴ ፈረንሳይ ማለት ከዚራ ነበር። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ ቢሮ፣ ነጭ ሸሚዝ። አንድ ፈረንሳዊ አለቃው አንድ ቀን «እኔኮ የላም ጠባቂ ልጅ ነኝ፣ ቤታችን ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ነው የሚያድረው» ብሎት ነበር። አባቴ አላመነም። «ደሞዝ እንዳንጠይቅ ነው ድሃ የሚመስለው» እያለ እስኪሞት ያወራው ነበር።

አባዬ፣ ሰውየው አልዋሸህም።

ከሊዮን በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ መንገዱ ይጠባል፣ ይጠመዘዛል፣ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ያ ተራራ ሁሉ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የቤቶቹ ድንጋይ ስለዚህ ጥቁር ነው። ጣራውም ድንጋይ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርበው ነው የከደኑት። መንደሩ ስንገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አንድም ሰው መንገድ ላይ የለም። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ቀስ ብላ «ለቅሶ አለ እንዴ?» አለች።

ለቅሶ የለም። እንደዚያ ነው የሚኖሩት። ሱቅ የለም። ቡና ቤት ነበረ፣ ተዘግቷል። ትምህርት ቤት ነበረ፣ ተዘግቷል። ማዘጋጃ ቤት አለ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለግማሽ ግማሽ ቀን ይከፈታል። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቄሱ ብዙ መንደር ስለሚያዳርስ በየእሑዱ አይመጣም። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት በ1914ቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የመንደሩ ልጆች የቆመ ሐውልት አለ። እንዲህ ያለ ሐውልት የሌለው የፈረንሳይ መንደር ከስንት አንድ ነው። ስሞቹን ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። አንድ የቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ መንደሩ ውስጥ ለሐውልቱ የሚበቃ ወጣት ይገኝ እንደሆነ እንጃ። ከጦርነቱ የተረፈውም ለእንጀራ ብሎ ወጥቷል። የዚህ አገር ሰው ፓሪስ ወርዶ ከሰልና እንጨት በመሸጥ፣ በኋላም ቡና ቤት በመክፈት ነው የታወቀው። ጉራጌዎቻችን ልላቸው ነበር፣ ባለቤቴ «ዝም በል» አለችኝ።

ክፍሉን ቶሎ ልለፈው። ንጹሕ ነው። አልጋው ይሞቃል። ሙቅ ውኃ አለ፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ኔትወርክ ለማግኘት ከመቃብሩ አጠገብ ያለው ግንብ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ቁልፍም የለውም። «ቁልፉስ?» ስላት ሴትዮዋ ግራ ገባት። «ማን ይመጣል ብለህ ነው?» አለችኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሌሊት በሩ ላይ ወንበር አስደግፋ ነው የተኛችው። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ወንበሩን ረሳችው።

ስለ ሴትዮዋ ሳወራ «እሷ» እያልኩ ነው፣ ስድሳ ምናምን ይሆናታል። የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁ አትቀየሙኝ። እኛ አንቱታ አናበዛም። ደግሞ እሷም ገና በመጀመሪያው እራት ላይ «ቩ»ን፣ አንቱን ማለት ነው፣ ትታ «ቱ»፣ አንተ፣ አለችኝ። የድሬ ሰው መሰለችኝ።

አሁን ዳቦው። የቀረችው ዛላ እዚህ ጋ ናት።

ድሬ ላይ ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ገንደ ቆሬ ብትሆኑ በነጠላ ጫማ ወጥታችሁ፣ ከፉርኖ ቤቱ ትኩሱን ይዛችሁ፣ ሻዩ ሳይፈላ ትመለሳላችሁ። እዚያ ግን ዳቦ የሚመጣው በመኪና ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። መጥቶ ጥሩምባ ይነፋል። ያልሰማ አለቀለት። እኔ ሁለተኛው ቀን ላይ ሻወር ውስጥ ሆኜ አመለጠኝ። ከዚያ ሴትዮዋ «ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ማሽን አለ» አለችኝ። የምን ማሽን? የዳቦ ማሽን። ልክ እንደ ኤቲኤም ግድግዳ ላይ የተገጠመ። አንድ ዩሮ ከሃያ ሳንቲም ስትከቱ በታች በኩል አንድ ባጌት ይወድቃል። ለኔ አልወደቀም። ሳንቲሜን በላ። ሁለተኛ ከተትኩ፣ ጓ ብሎ አንድ ደረቅ ዳቦ ጣለልኝ። አንሥቼ አቧራውን አራገፍኩ። የባጌት አጋገር ሙያ በ2022 ዩኔስኮ ላይ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ተርታ ገብቷል፤ ከሐረሮቹ የሹዋሊድ በዓል አንድ ዓመት ቀድሞ። ሹዋሊድን ከማሽን ሲያወጡት ግን አላየሁም።

በነገራችን ላይ ጥፋቱ የሴትዮዋ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ቁርስ ዋጋው ውስጥ አለ ከተባለ ዳቦውን ማሰብ ያለበት ባለቤቱ ነው። የትናንቱን ዳቦ ጠብሳ ስታቀርብልኝ ቅቤውና የቼሪ ማርማላታው ግሩም ነበር። ዳቦው ግን የትናንት ነው። አንድ ዛላ።

እና ወደ ላሞቹ።

ልጃችን በማግስቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔና እናቷ ብቻችንን ቀረን። የኔ ፈረንሳይኛ ከአባቴ የተወረሰ የባቡር ፈረንሳይኛ ነው። ብሎን፣ ጎማ፣ መፍቻ፣ ፍሬን፣ የተጎዳ ቦይለር። ስለ ላም ጡት አንድም ቃል የለኝም። ባለቤቴ ጭራሽ ከ«ሜርሲ» አታልፍም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከታች የደወል ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ ብድግ ብላ ወረደች። እኔም ሹራቤን ፍለጋ ጨለማ ውስጥ እየተደናበርኩ ተከተልኳት።

ላሞቹ ሳሌር ነው የሚባሉት፣ እንደ ከተማዋ። ቀለማቸው የበሰለ ቴምር ነው፣ ጠቆር ያለ ቀይ። ፀጉራቸው ጥቅልል ያለ። ቀንዳቸው ረጅም ሆኖ እንደ በገና ክንድ ወደ ላይ የሚታጠፍ። ቀንድ ያለው የፈረንጅ ላም ማየት ራሱ ብርቅ ነው፤ ሌላ ቦታ ጥጃ ሳለ ያጠፉታል። ባለቤቴ ቀንዱን ስታይ «እሰይ» አለች።

ሃያ ስምንት ላም ናቸው። ጥጆቹ ለብቻ ታጉረዋል። ሴትዮዋ የበረቱን በር ከፈት አድርጋ «ማርኪዝ!» ብላ ተጣራች። ማርኪዝ የእናቲቱ ስም ነው። ከዚያ ሁሉ ጥጃ መሐል አንዱ ብቻ ተጋፍቶ ወጣ። ሮጦ እናቱ ሥር ገባ፣ ጡቷን በግንባሩ ጎሸም ጎሸም አድርጎ መጥባት ጀመረ። ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ጥጃውን አላቀቀችና በገመድ ከእናቱ የፊት እግር ጋር አሰረችው። ከኪሷ አንድ ጭብጥ ጨው አውጥታ ጀርባው ላይ በተነችለት። ላሚቱ አንገቷን ዞር አድርጋ ጨዉን ከጥጃዋ ጀርባ ላይ ትልስ ጀመር። የማለቢያው ማሽን የተገጠመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ባለቤቴን ዞር ብዬ አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ጥጃውን ካላየች ወተቷን አትለቅማ!» አለች። «ልክ እንደኛ!»

ይህ ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው፣ ለኔ ዓይነቱ የከተማ ሰው ግን ላስረዳ። ነጭና ጥቁሯ የፈረንጅ ላም ጥጃዋ ገና ሲወለድ ተወስዶባት ለማሽን ዝም ብላ ትታለባለች። የሐበሻ ላም እንዲያ አታደርግም። ጥጃዋ ጠብቶ ካላነቃቃት ወተቱ አይወርድም። ጥጃው ከሞተ ቆዳውን ገለባ ሞልተን ፊቷ እናቆማለን፣ እሱን እየላሰች ትታለባለች። ሳሌሯም ይኸው ጠባይ አላት። በአውሮፓ የወተት ላሞች ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ወተቷም ከነጭና ጥቁሯ ግማሽ አይሞላም። ሥራው እጥፍ፣ ወተቱ ግማሽ። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው ገበሬ ሳሌርን የሚያረባት ለሥጋ ነው። አሁንም የሚያልቧት ጥቂት ግትሮች ናቸው። ሴትዮዋ ይህን ስታስረዳኝ «ግትር» ለማለት ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ መታች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ በምልክት «እኔ ልለብ» አለች። ሴትዮዋ በርጩማ አመጣችላት። አልፈለገችም። ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች፣ ግንባሯን ከላሚቱ ጎን አስደገፈች፣ የፕላስቲክ ባልዲውን በጉልበቶቿ መሐል ያዘች። መጀመሪያ ትንሽ ተቸገረች፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታላ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ጭርር፣ ጭርር። ባልዲው ውስጥ አረፋው ከፍ እያለ ሲሄድ ይታየኛል። ለማርኪዝ የምታወራት በኦሮምኛ ነው። ሴትዮዋ «ምን እያለቻት ነው?» አለችኝ። «አይዞሽ እያለቻት ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ያለቻት ግን «አንቺም እንደ ባሌ ጠዋት ጠዋት ታስቸግሪያለሽ» ነው። የባቡር ፈረንሳይኛዬ ለዚህ አልበቃም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ትርፍ ሰው ሆንኩ። ሁለቱ ሴቶች ያለ ቋንቋ ይግባባሉ። አይብ ቤት አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። እኔ ግንቡ ላይ ወጥቼ ኔትወርክ እፈልጋለሁ።

አይቡም ስሙ ሳሌር ነው። ላሟ፣ ከተማዋ፣ አይቡ አንድ ስም ነው፤ መጀመሪያ ላይ እያምታታ ያስቃል። ይህን ስም መያዝ የሚችለው ከሚያዝያ 15 እስከ ኅዳር 15 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ላሞቹ ሣር ላይ ሲውሉ፣ እዚያው እርሻው ላይ የተሠራው ብቻ ነው። ክረምት በድርቆሽ የታለበው ወተት አይብ ይሆናል እንጂ ሳሌር አይሆንም። ወተቱ አይፈላም። የሚረጋው «ዠርል» በሚሉት ትልቅ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው በሳሙና አይነካም። ወተቱን የሚያኮመጥጠውና ጣዕም የሚሰጠው ሕይወት ያለው ነገር እንጨቱ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ካጠባችሁት ይሞታል። ባለቤቴ ይህ ወዲያው ነው የገባት። «የናቴ ቅል!» አለች። ልዩነቱ እኛ ቅላችንን በወይራ እናጥናለን፣ እነሱ አያጥኑም። የጢሱን ነገር በእጇ ለማስረዳት ስትሞክር ሴትዮዋ ቤት የተቃጠለባት መስሏት ደነገጠች።

አንድ ኪሎ አይብ አሥር ሊትር ገደማ ወተት ይበላል። አንዱ ሙሉ አይብ አርባ ኪሎ ቢሆን አራት መቶ ሊትር ማለት ነው። ከሦስት ወር በታች አይሸጥም። ማቆያው ክፍል ጨለማ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። ያረጁት አይቦች ቅርፊት ላይ ቡናማ አቧራ አለ። ሴትዮዋ በባትሪ አበራችልኝና «ጠጋ ብለህ እየው» አለችኝ። ጠጋ አልኩ። አቧራው ይንቀሳቀሳል። ቅርፊቱን የሚበሉ፣ ዓይን በጭንቅ የሚያያቸው ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። እሷ እፍ አለችና ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁ። ምን ላድርግ?

ስለ ምግቡ ከዚህ ጋር ልናገር። «ትሩፋድ» የሚሉት ምግብ አላቸው። ድንች ቀጫጭን ተቆርጦ ይጠበሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ከዚያ ገና ያልበሰለ ትኩስ አይብ ይጨመርና እስኪሳብ ይማሰላል። በሹካ ስታነሡት እንደ ክር ይከተላችኋል። ሁለት ሰሃን በልቼ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አድሬያለሁ፣ አልጸጸትም። ረቡዕ ግን ጾም ነበር። ልጃችን በስልክ አስረድታላታለች። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ሴትዮዋ «ገባኝ» ብላ ከጎረቤት ክፍለ ሀገር የመጣ አረንጓዴ ምስር፣ የፑይ ምስር የሚሉትን ቀቀለች። ሲቀርብ መሐሉ ላይ የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ አለ። «ይኼ ሥጋ አይደለም እኮ፣ ለጣዕም ነው» አለች። የምሯን ነው። ዓርብ ዕለት አስተካክላ ሠራችው፤ ባለቤቴ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ ጨምራበት ጥሩ እራት ሆነ።

ከእራት በፊት ቢጫ መጠጥ ይቀዳላችኋል። «ዣንስያን» ከሚባል ተክል ሥር ነው የሚሠራው። ተክሉ ግጦሹ ላይ ሰው ወገብ ድረስ ቆሞ፣ ቢጫ አብቦ ታዩታላችሁ። ላሞቹ ዙሪያውን ግጠው እሱን አይነኩትም። ስቀምሰው ለምን እንደማይነኩት ገባኝ። ኮሶ ነው። አልኮል ያለው ኮሶ።

ድምፅ የሚረብሻችሁ ከሆነ እወቁት። ላሞቹ አንገት ላይ ደወል አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል። ዶሮም አለ። ቅሬታ ለማቅረብ ግን አትድከሙ። ፈረንሳይ በጥር 2021 የገጠርን ድምፅና ሽታ የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ከዚያ በፊት ሞሪስ የተባለ አንድ አውራ ዶሮ ጠዋት ጠዋት ጮኸብን ተብሎ ተከሶ፣ በ2019 ፍርድ ቤት ረትቷል። ሴትዮዋ ይህን ስትነግረኝ ሳቋ ግቢውን ሞላው። እኔ በበኩሌ በአዛንና በቅዳሴ ማይክ መሐል ያደግሁ ሰው ነኝ። የላም ደወል እንቅልፌን አይነካውም። ያስቸገረኝ ዝምታው ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ድርቆሽ የሚከማችበት ጎተራ ውስጥ፣ በሣር ተሸፍኖ፣ አንድ ፔጆ 404 አየሁ። ከ1960 ጀምሮ የሠሯት ያቺ መኪና። ጎማዋ ተቀብሯል፣ ዶሮ ወንበሯ ላይ ጎጆ ሠርታለች። የሴትዮዋ አባት በሷ ጥጃ ይጭኑባት ነበር። እኔም ስልኬን አውጥቼ የሐረርን 404 ታክሲ አሳየኋት፤ ሰው ጢም ብሎባት ዳገት ስትወጣ። ሴትዮዋ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ትሄዳለች?» አለች። «ትሄዳለች።» «ዛሬ?» «ዛሬ ጠዋት።» ባሏን ጠራችው፣ ጎረቤት ጠሩ። አምስት ሽማግሌ በስልኬ ዙሪያ ቆሞ ስለ ካርቡራተር ጠየቀኝ። እዚህ ላይ የባቡር ፈረንሳይኛዬ ሠራ። በአምስት ቀን ውስጥ እኔ የተከበርኩባት ብቸኛ ምሽት ናት።

ዋጋው ለሁለት ሰው ከነቁርሱ በሌሊት ሰባ ዩሮ ነው። እራት ለአንድ ሰው ሃያ አምስት። በብር አታስሉት፣ እንቅልፍ ታጣላችሁ። ለአገሩ ግን ርካሽ ነው። የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ አትሂዱ፣ ባቡሩ ኦሪያክ የምትባል ከተማ ላይ ጥሎአችሁ ነው የሚመለሰው። በርጫ ላይ ጨዋታ የለመደ ሰው ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ፤ የሚያጫውተው አያገኝም። ሕፃናት ግን ውሰዱ።

ሴትዮዋ ምድሯ ሰባ ሄክታር ነው። በአገሩ አማካይ ማለት ነው፤ በ2020 69 ነበር። ሐረርጌ ውስጥ ሄክታር የማይሞላ መሬት ላይ ስምንት ነፍስ ስለሚኖር ባለቤቴ «ሀብታም ናችሁ» አለቻት። ሴትዮዋ ሁለት ልጆች አሏት፣ አንዱ ቱሉዝ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ አንዷ ነርስ ናት። «ማን ሊያልብ ነው?» ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ከ2010 እስከ 2020፣ ፈረንሳይ ውስጥ መቶ ሺህ ገደማ እርሻ ተዘግቷል፤ ያኔ የቀረው 390,000 አካባቢ ነበር። ባለቤቴ ወንድሞቿ በሐረማያው መሬት እንዴት እንደሚጣሉ አስባ ዝም አለች።

ስንመጣ ሁለት ኪሎ አይብ ጠቅልላ ሰጠችን። ድሬ ስንደርስ ሙቀቱ ሠላሳ አምስት ነበር፣ አይቡ በላብ ተጠምቋል። ጎረቤቶችን ጠራናቸው። አንዷ አሽትታ «ይኼ አይብ ነው ሳሙና?» አለች። አንዱ ከጣፋጩ ሙሸበክ ጋር በላውና ጥሩ ነው አለ። ሦስተኛው ጣዕሙን ሳይሆን ወተቱን ጠየቀ፤ አራት መቶ ሊትር ስለው ለረጅም ጊዜ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የተረፈውን ባለቤቴ በድንች ላይ አቅልጣ ትሩፋድ ሠራችው፣ ቃሪያ ጨምራበት። የግቢው ልጆች ምጣዱን ጠረጉት።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ወንድሟ ጋ ሐረማያ ሄዳ ነበር። ንጋት ላይ ሲያልብ በስልኳ ፎቶ አነሣች፤ ላሚቱ ቆማ፣ ጥጃው ከፊት እግሯ ጋር ታስሮ፣ እሷ ዞር ብላ ጀርባውን ስትልሰው። ለካንታሏ ሴትዮ ላክንላት። ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ፣ አንዲት ቃል ናት፦ «ጨዉስ?»

ለባለቤቴ አነበብኩላት። ጀበናዋን እያወረደች «እኛ ጋ በነጻ ትልሳለች በላት» አለችኝ።